ቀላል የፖም ኬክ በቤት ውስጥ፦ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ አሠራር

የፖም ኬክ ከኬክ ሁሉ ቀላሉ ነው ይባላል፤ ክሬም አይፈልግም፣ ማስጌጫ አይፈልግም፣ ቅርጹ ትንሽ ቢጣመም እንኳ ማንም አይታዘበውም። ሆኖም ከውጭ የተገኘ የአሠራር ጽሑፍ አስቀምጬ አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋገርሁት የፖም ኬክ በሃያኛው ደቂቃ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ በአርባኛው ደቂቃ መሃሉ ሰርጎ፣ ስቆርጠውም ዳር ዳሩ ኬክ መሃሉ ገንፎ ሆኖ ነበር የጠበቀኝ። ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምሁት፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ቆይቶ ሲገባኝ ችግሩ ከሁለት ነገር የመጣ ነበር፤ አንዱ ፖሙ በሆዱ የያዘው ውሃ ሲሆን ሌላው ከተማችን ያለችበት ከፍታ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እነዚህን ሁለቱን ታሳቢ አድርጎ የተስተካከለ ስለሆነ፣ መጠኖቹን ከመቀየር በፊት አንድ ጊዜ እንዳሉ ሞክሮ ማየቱ ይመከራል።

ከፍታው በኬክ ላይ የሚያደርገው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። ቤኪንግ ፓውደር የሚለቀውን ጋዝ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ፣ ጋዙ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ገና ሳይጠና ይነፋና የአየር ቀዳዳዎቹን ግድግዳ በጣጥሶ ይሰምጣል። በዚያ ላይ ከሊጡ ውስጥ ውሃ ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር እየበረታ ይሄዳል፤ የበረታ ስኳር ደግሞ ሊጡ የሚረጋበትን ሙቀት ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በውጭ ጽሑፍ ላይ 2½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር የሚል ኬክ እዚህ 1½ ይበቃዋል፣ ስኳሩም ጥቂት መቀነስ አለበት፣ የኦቨኑ ሙቀት ደግሞ ኬኩ ሳይሰምጥ ቶሎ እንዲጠና በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል።

ፖሙን በተመለከተ፣ ይህ ፍሬ ከክብደቱ 85 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ለአንድ ኬክ የሚበቃ 550 ግራም የተላጠ ፖም ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይዞ ወደ ሊጡ ይገባል ማለት ነው። ይህን ውሃ በከፊል አስቀድሞ ማውጣት፣ የወጣውንም ሳይደፉ በወተቱ ምትክ መጠቀም የዚህ አሠራር ዋናው ዘዴ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ24 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ፦
4 መካከለኛ ፖም፣ ሳይላጥ 700 ግራም ገደማ
280 ግራም የፉርኖ ዱቄት
180 ግራም ስኳር፣ ከዚህ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ተነሥቶ ለብቻ የሚቀመጥ
3 ትልልቅ እንቁላል
150 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት
80 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ ከፖሙ የወጣው ጭማቂ በወተት ተሞልቶ
1½ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ቤኪንግ ፓውደር
½ የሻይ ማንኪያ ጨው
2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ የሎሚው ልጣጭም ቢገኝ ተፍቆ
ጥቂት ቫኒላ

ሚዛን የሌለው ሰው ግማሽ ሊትር ከሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ በትክክል ግማሹን አንድ ኩባያ ላይ ገልብጦ፣ ውሃው የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ቢያደርግበት የ250 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ያገኛል። በዚህ መስፈሪያ ዱቄቱ 2¼ ኩባያ፣ ስኳሩ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ጎደል ያለ ይሆናል። ዱቄቱ ከተነፋ በኋላ በማንኪያ እየተጨመረ ይሰፈራል እንጂ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ መዛቅ አይገባም፤ ሲዛቅ ስለሚጠቀጠቅ ሳይታወቅ ብዙ ግራም ይጨምራል፣ ኬኩም ይደርቃል።

እንቁላል ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ ስሕተት አለ። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ሲመዝን የሐበሻው 40 ግራም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሐበሻ እንቁላል የሚጠቀም ሰው በ3 ፋንታ 4 መስበር አለበት። ለቀለሙም ለጣዕሙም እኔ የሐበሻውን እመርጣለሁ።

ዘይቱ ፈሳሽና ሽታ የሌለው መሆን ይኖርበታል። በየሱቁ የሚሸጠው የሚረጋ የፓልም ዘይት ኬኩ ትኩስ ሳለ ልዩነቱ ባይታወቅም፣ በአዲስ አበባ ብርድ ካደረ በኋላ ኬኩን ያጠነክረዋል። የኑግ ዘይት ሽታው ፖሙን ይሸፍናል። በቅቤ መሥራት የሚፈልግ ሰው ጨው የሌለበትን የገበታ ቅቤ ቀልጦ ሲበርድ በዘይቱ ልክ ሊጠቀም ይችላል፤ የተነጠረ የወጥ ቅቤን ግን ለዶሮው ይተውለት።

ፖሙን መምረጥና ማዘጋጀት

ለኬክ የሚሆነው ፖም ጠንካራና ኮምጠጥ ያለ ነው። ቀይ፣ ጣፋጭና ሲነከስ ዱቄት ዱቄት የሚለው ዓይነት በምድጃ ውስጥ ይፈርሳል፤ አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ኮምጣጣነቱም ከስኳሩ ጋር ይስማማል። የአገር ውስጡን ለሚፈልግ፣ በጋሞ ደጋ በጨንቻ አካባቢ ሚሲዮናውያን ያስገቡት የፖም ተክል ዛሬ የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ሆኗል፤ በሌሎች ደጋማ አካባቢዎችም ይለማል። በአገራችን ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ አና የሚባለው ሲሆን፣ ብዙ ቅዝቃዜ ሳያገኝ እንዲያፈራ እስራኤል ውስጥ የተዳቀለ ነው። የጨንቻ ፖም ከውጭ ከሚመጣው አነስ ይላል፣ ቆዳው ላይም ጠባሳ አያጣም፤ ነገር ግን ሰም ተቀብቶ የሚያብረቀርቀውን ፖም ያህል ለዓይን ባያምርም መዓዛው ይበልጣል። በፍሬው ትንሽነት ምክንያት በ4 ፋንታ 6 ወይም 7 ሊያስፈልግ ስለሚችል በቁጥር ሳይሆን በክብደት መግዛት ይሻላል።

ፖሙን አጥበው ይላጡ፣ ለአራት ከፍለው ፍሬ ያለበትን መሃሉን ያውጡ። ከፖሞቹ ሦስት አራተኛውን አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ በሚሆን ኩብ ይቁረጡ፤ ቀሪውን ለላዩ እንዲሆን ቀጠን ቀጠን አድርገው ይሰንጥቁ። መጠኑ ዋጋ አለው፤ ከዚህ ያነሰ ኩብ ሊጡ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ከዚህ የበለጠ ደግሞ በክብደቱ ወደ ታች ይሰምጣል።

ኩቡን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው የሎሚውን ጭማቂ፣ ለብቻ ካስቀመጡት ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያና ግማሹን ቀረፋ ጨምረው ያገላብጡ፤ ስንጥቆቹን በሌላ ሳህን ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርገውባቸው ያስቀምጡ። ሎሚው ፖሙ እንዳይጠቁር ያደርጋል፣ ስኳሩ ደግሞ ውሃውን ስቦ ያወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን ዘንበል ሲያደርጉት ቀረፋ የመሰለ ቡናማ ጭማቂ ከሥር ተጠራቅሞ ያዩታል። በወንፊት አጥልለው ጭማቂውን በመስፈሪያ ይያዙና 80 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ድረስ ወተት ይጨምሩበት። ወተቱ በሎሚው ምክንያት ቋጠር ቋጠር ሊል ይችላል፤ ምንም አይጎዳም። ከመጋገሩ በፊት ኩቡ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሰው ያገላብጡ፤ ዱቄቱ የቀረውን እርጥበት ይይዘዋል፣ ፖሙም ከሊጡ ጋር እንዲያያዝ ያደርጋል።

ቅመሙን በተመለከተ፣ ቀረፋው በእንጨቱ ተገዝቶ ቤት ቢፈጭ መዓዛው ተፈጭቶ ከቆየው ጋር አይወዳደርም። እኔ ከቀረፋው ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ እጨምራለሁ፤ ከዚህ ካለፈ ግን ኬኩ ፖሙን ትቶ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።

ኦቨኑና መጋገሪያው

ሊጡን ከመንካት በፊት ኦቨኑ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለኩሶ ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሊጥ ተሠርቶ ኦቨን እስኪሞቅ ከጠበቀ የቤኪንግ ፓውደሩ ጉልበት ከውጭ ያልቃል። መጋገሪያውን ዘይት ቀብተው ዱቄት ይነስንሱበት፣ ገልብጠውም ትርፉን ያራግፉ፤ የመጋገሪያ ወረቀት ካለ መሃሉን በልኩ ቆርጦ ማንጠፍ ኬኩን ሲያወጡ ጭንቀት ይቀንሳል። ብዙ የቤት ኦቨን ከሥር አብዝቶ ስለሚያቃጥል ፍርግርጉን መሃል ላይ ያድርጉት፤ ኬኩ ከሥሩ የመጥቆር ልማድ ያለበት ሰው ከታችኛው እርከን ላይ ባዶ ፓትራ ቢያስቀምጥ እሳቱን ይመክትለታል።

ሊጡን መሥራት

እንቁላሎቹን ከፍሪጅ አስቀድመው ያውጡ። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ጨውንና የቀረውን ቀረፋ አንድ ላይ በወንፊት ይንፉ። በሌላ ሰፊ ሳህን እንቁላሉን ከስኳሩ ጋር በማሽን ለሦስት ደቂቃ፣ በእጅ መምቻ ከሆነም ለስድስት ደቂቃ ያህል ይምቱ፤ ቀለሙ ከቢጫ ወደ ክሬም ሲሄድና ላዩ አረፋ ሲይዝ ይበቃዋል። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ መመሪያዎች እጥፍ እስኪሆን ምቱት ይላሉ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግን ብዙ አየር የገባበት እንቁላል ቤኪንግ ፓውደር እንደበዛበት ኬክ ነው፣ ተነሥቶ ተመልሶ ይወድቃል።

መምታቱን ሳያቋርጡ ዘይቱን በቀጭኑ ያንጠባጥቡ፣ ቀጥሎ የፖሙን ጭማቂና ወተቱን፣ የሎሚውን ልጣጭና ቫኒላውን ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ ማሽኑ ሥራውን ጨርሷል። ዱቄቱን በሁለት ጊዜ ከፍለው ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እያነሡ ያዋሕዱት፤ ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያበቃ ያቁሙ። የእንጀራና የዳቦ ሊጥ ያሸ እጅ እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣል፤ ትንንሽ እብጠቶች ከቀሩ አሽቶ ማጥፋት ያምረዋል። ይሁን እንጂ ኬክ በታሸ ቁጥር የስንዴው ጅማት ይጠነክርና ዳቦ ዳቦ ይላል፤ እብጠቶቹ በመጋገር ጊዜ ስለሚጠፉ ይተዋቸው። በመጨረሻ ኩቡን ፖም ጨምረው በአምስት ስድስት ማገላበጥ ያዋሕዱት። በዚህ ጊዜ ሊጡ ከማንኪያ ላይ በራሱ የማይፈስ፣ ሲነቀነቅ ግን ዱብ የሚል ውፍረት ይኖረዋል።

ወደ መጋገሪያው ገልብጠው ላዩን ያስተካክሉ፣ መሃሉን ከዳሩ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ስንጥቆቹን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል በክብ ይደርድሩ፣ ሆኖም መሃሉ ላይ አያከማቹ፤ የመጨረሻ የሚበስለው እሱ ነውና ክብደት አይጨመርበት። የቀረችውን አንዲት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከላይ ይነስንሱ፤ ሲጋገር ሲቆረጠም ደስ የሚል ስስ ቅርፊት ይሠራል።

መጋገርና መብሰሉን ማወቅ

ጠቅላላ ጊዜው ከ55 እስከ 65 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃዎች በሩን በምንም ምክንያት አይክፈቱ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ላዩ ቶሎ እየጠቆረ ከሄደ ፎይል ጣል ያድርጉበት።

መብሰሉን ለማወቅ ስቴኪኒ መሃሉ ላይ መሰካት የተለመደ ነው፤ የፖም ኬክ ግን በዚህ ያታልላል፣ ስቴኪኒው ፖም ከወጋ ኬኩ ቢበስልም እርጥብ ሆኖ ይወጣልና። እርጥበቱን በሁለት ጣት አሸት አድርጎ መለየት ይቻላል፤ ጥርት ያለና እንደ ሽሮፕ የሚያጣብቅ ከሆነ የፖም ጭማቂ ነው፣ ነጣ ብሎ በጣት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ጥሬ ሊጥ ነውና አሥር ደቂቃ ይጨመርለታል። ሌላው ምልክት ድምፅ ነው። ያልበሰለ ኬክ ጆሮ ቀረብ ሲደረግበት እንደሚንተከተክ ወጥ በቀስታ ይንሾካሾካል፤ ሲበስል ድምፁ ሊጠፋ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፣ ዳሩም ከመጋገሪያው ግድግዳ ፈቀቅ ይላል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው በውጭ ጽሑፎች የሚጠቀሰውን 98 ዲግሪ እጠብቃለሁ ቢል ኬኩን ያደርቀዋል፤ እዚህ ውሃው ራሱ በ92 ስለሚፈላ መሃሉ 90 ካለፈ በስሏል።

መብራት ከሄደስ? ይህ በደረሰብኝ ቀን ኬኩ 35 ደቂቃ ሞልቶት ነበር። በሩን ሳልከፍት ጠበቅሁ፤ መብራቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ከተለመደው 20 ደቂቃ አስረዝሜ አውጥቼዋለሁ፣ ትንሽ ከመጥቆሩ በቀር ጉዳት አልነበረበትም። ሊጡ ከመርጋቱ በፊት፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ከጠፋ ግን ኬኩ መስመጡ አይቀርም።

ሲወጣ በመጋገሪያው ውስጥ እንዳለ 15 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተገለበጠ ፖሙ ገና ለስላሳ ስለሆነ ይሰበራል፣ ከመጠን በላይ ከቆየ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ሥሩን ያረጥባል። ከዚያ በፍርግርግ ላይ አድርገው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቀዝቅዙት። ትኩስ ሳለ የተቆረጠ የፖም ኬክ ቢላዋ ላይ እየተለጠፈ ያልበሰለ ይመስላል።

ኦቨን ለሌለው

ከባድ ብረት ድስት ውስጥ አንድ ጣት ውፍረት ያለው ጨው አንጥፎ፣ በላዩ አነስተኛ ማስቀመጫ አድርጎ፣ ክዳኑን ዘግቶ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ ካሞቁት በኋላ መጋገሪያውን ውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል አለበት፤ አለዚያ እንፋሎቱ ጠብ ጠብ እያለ ላዩን ያበላሸዋል። የጨርቁ ጫፎች ከእሳቱ ርቀው ከክዳኑ በላይ ይታሰሩ። ጊዜው እስከ 80 ደቂቃ ይደርሳል፣ ላዩም ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ጣዕሙ ግን አይከፋም።

ለጾም

ይህ ኬክ በዘይት ስለሚሠራ ወደ ጾም መቀየሩ ከቅቤ ኬክ ይልቅ ቀላል ነው። እንቁላሉና ወተቱ ሲወጡ ኬኩን የሚያነሣውም የሚያያይዘውም ስለሚጎድል ሁለቱንም መተካት ያስፈልጋል። ለማያያዣ አንድ ተጨማሪ ፖም ላጥተው በጥቂት ውሃ ቀቅለው ይፍጩት፤ ለማንሻ ደግሞ በቤኪንግ ፓውደሩ ፋንታ 1 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ቤኪንግ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጠቀሙ። ዘይቱ 120 ሚሊ ሊትር፣ ከፖሙ የወጣው ጭማቂ በውሃ ተሞልቶ 250 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ዱቄት፣ ስኳርና ቅመም እንደ ቀድሞው ናቸው። ፈሳሾቹን ሁሉ ከስኳሩ ጋር አዋሕደው ዱቄቱንና ሶዳውን ይጨምሩ፤ አቼቶው ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ወዲያውኑ አረፋ ስለሚጀምር ከዚያ በኋላ ሊጡ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኦቨን መግባት አለበት። የጾሙ ኬክ ጠቆር ያለና እርጥበቱ የበዛ ይሆናል፤ ትንሽ ዘቢብና የተከተፈ ለውዝ ቢገባበት ያምርበታል።

በሌላ ከፍታ ላለ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚያ የሚጋግር ሰው ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 1¼ ዝቅ ያድርግ፣ ወተቱን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ይጨምር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሁለቱም ቦታ 1¾ የሻይ ማንኪያ ይስማማል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ግን 2½ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና 210 ግራም ስኳር ተጠቅሞ፣ ፈሳሹን (ጭማቂውንና ወተቱን በድምሩ) ከ80 ወደ 60 ሚሊ ሊትር ቀንሶ በ180 ዲግሪ ይጋግር፤ እዚያ በአዲስ አበባው መጠን ከሠራው ኬኩ አይነሣም።

ማቆየት

የፖም ኬክ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ የፖሙ እርጥበት ወደ ሊጡ ይሰርጽና ቀረፋው ይገለጣል። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ውጭ ሁለት ቀን ይቆያል፣ በላስቲክ ከተጠቀለለ ግን ላዩ ያልባል። ከሁለት ቀን ካለፈ ፍሬው ሊሻግት ስለሚችል ፍሪጅ ይግባ፤ ከመቅረቡም በፊት ቁራጩን በደረቅ መጥበሻ ላይ በቀላል እሳት በሁለቱም ጎን ሞቅ ማድረግ ለስላሳነቱን ይመልስለታል።